የሬዲዮ ሠሪው የገሪማ ጸጉር

ሰኞ ጠዋት ፀዳለ ቂንጬ በሳህን ይዛ የጎረቤቷን የገሪማን በር በክርኗ ገፋች። በሩ አልተቆለፈም። ሳህኑ ወድቆ ሲሰበር ግቢው ሰማ፤ ጩኸቷን ግን ገበያው ድረስ ሰሙት።

ሬዲዮ ሠሪው ገሪማ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መቀስ ያልነካው፣ እንደ ሻሸመኔ ጃማይካዎች የተገመደው ጸጉሩ ትራሱን ሸፍኖ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ጸጉሩ በቅቤ ተለውሶ ያብረቀርቃል። ከአልጋው ሥር አመድ የሞላ የከሰል ምድጃ፣ አጠገቡ ቅቤ የቀለጠበት ጣሳ። መስኮቱ ዝግ ነው።

ዲላ ፖሊስ አላስፈለጋትም፤ ራሷ መርምራ ራሷ ፈረደች። ጸጉሩን ቅቤ ሊቀቡት ከሰል አቀጣጠሉ፣ ከሰሉ አፈነው፣ ሞተ። ጸጉሩን በየእሑዱ የሚሠራለት ማን ነው? በዚያው ግቢ የሚኖረው የባለ መኪናው የባህሩዲን ልጅ፣ ሱራያ። በቃ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ በራሶ፣ ልጅቷን ከነነጠላ ጫማዋ ወስዶ ከቀበሌው መጋዘን ዘጋባት።

ሃምሳ አለቃ ወልዱ የተጠራው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የተጠራውም ለምርመራ ሳይሆን ለፊርማ ነበር።

ወልዱ ለጡረታ ሁለት ወር ቀርቶታል። ጉልበቱ ግን ሳይጠብቀው ቀድሞት ጡረታ ወጥቷል። ራሱ መላጣ ነው፤ ዲላ ላይ ፀሐይ ሁለቴ ትወጣለች፣ አንዴ በምሥራቅ፣ አንዴ ወልዱ ባርኔጣውን ሲያነሣ ይባላል። ይህን የሚሉት ግን ከሄደ በኋላ ነው።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለው የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ። «ልጅቷ ከሰሉን ትታ ወጥታለች። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ አዋሳ የሚሄድ መኪና አለ፣ በዚያው ትሄዳለች። አንተ አይተህ ፈርም።»

«አይቼ ልፈርም ወይስ ፈርሜ ልይ?»

«እንደ ፈለግህ። ብቻ ቶሎ በል።»

ወልዱ ተነፈሰ። አዋሳ የገባች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ መቼ እንደምትወጣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

*

በራሶ ከገሪማ በር ላይ ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል።

«ሃምሳ አለቃ፣ እሷ ነው ገዳዩ። ምን ታያለህ?»

«ወንበር» አለና ወልዱ ገብቶ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ክፍሉን አየ። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሬዲዮዎች ተደርድረዋል። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል አቧራ ያልነካው ባዶ አራት ማዕዘን አለ። መሣሪያዎቹ ሁሉ ጥላሸትና አቧራ ለብሰዋል፤ መዶሻው ብቻ ታጥቧል።

ከዚያ ወደ ሬሳው ዞረ። አንዱን ወፍራም ግምድ በመዳፉ አነሣው። ከበደው። ቅቤ ይህን ያህል አይከብድም። ላዩን በመሐረብ ጠረገና ግምዱን እንደ እርጥብ ልብስ ጨመቀው። ውሃ ጠብ አለ። ደግሞ ከማጅራት በኩል ያለውን ጨመቀ። የወጣው ውሃ ቀላ ይላል። እጁን ከግምዶቹ ሥር አስገብቶ የራስ ቅሉን ዳሰሰና ጣቶቹ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ጸጉሩ እንደ ጣራ ክዳን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በዓይን የሚታይ ነገር የለም።

«ምን አገኘህ?» አለ በራሶ።

«ድካም» አለ ወልዱ፣ እጁን በመሐረቡ እየጠረገ። «ቅቤ መኖሩን ለልጅቷ ነግራችኋታል?»

«ከሰል ነው ያልናት። ሌላ አላልናትም።»

«እንግዲያው አሁንም እንዳትሉ።»

*

ሱራያ ከማዳበሪያ ከረጢቶች መካከል ቆማለች። ዓይኗ አብጧል፤ አፏ ግን አላበጠም።

«ተቀመጪ» አላት ወልዱ።

«የት? አንዷ ወንበር ላይ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ አርጅቻለሁ።»

«እኔም ከጠዋት ጀምሮ አርጅቻለሁ።»

ወልዱ ሳይስቅ ጠርዙን ለቀቀላት። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ተቀመጡ።

«ጸጉሩን እንዴት እንደምትሠሪለት ንገሪኝ። ምንም ሳታስቀሪ።»

«እርስዎ ጸጉር መቼም...» ብላ ባርኔጣውን አየችና ዋጠችው። «ይቅርታ።»

«ይቅር ብያለሁ። ቀጥዪ።»

«ቅዳሜ ጠዋት ራሱ ይታጠባል። ግምድ ውሃ ጠጪ ነው፣ ጋሼ። ላዩ ቢደርቅም ሆዱ አይደርቅም፤ ቀንና ሌሊት ይፈልጋል። በእርጥቡ ከገመዱት ይሻግታል። እና ቅዳሜን ሙሉ እንደ ቡና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እሑድ እኔ እመጣለሁ። ሥር ሥሩን በተልባ ውሃ ነካ ነካ እያደረግሁ በመዳፌ አጠማዝዛለሁ። የሚረግፈውን ጸጉር አልጥልም፤ በኪሮሽ መርፌ ወደ ግምዱ ሆድ እመልሰዋለሁ፤ በዚህ ይወፍራል። በጣም የሳሳ ካለ ሁለቱን አንድ አድርጌ እሰፋለሁ። ትናንት ከጆሮው ኋላ ሦስት ጥንድ አጋባሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨርሼ ወጣሁ።»

«ጸጉሩ ደርቆ ነበር?»

«እንደ ጭድ! እርጥብ ቢሆን መቼ እነካው ነበር?»

«ከሰልስ?»

«ለምን? ተልባ እኮ ከቤቴ ዘፍዝፌ ነው የማመጣው።» እጅጌውን ያዘች። «ጋሼ፣ አዋሳ ይወስዱሻል አለኝ በራሶ። እውነት ነው?»

ወልዱ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ገሪማ ትናንት እንዴት ነበር?»

«ዝም ብሎ ነበር። ሌላ ጊዜ ስጎትተው ይሳደብ ነበር፣ ትናንት ግን ብጎትተውም ዝም። ስወጣ "በሚመጣው እሑድ መርፌውን ተይው፣ መቀስ ይዘሽ ነይ" አለኝ። "ምነው፣ ሰለቸህ?" ስለው፣ "ስለቴ ደረሰ" አለ። ፊቱ ግን ስለት የደረሰለት ሰው ፊት አልነበረም።»

«ስለቱ ምን ነበር?»

«እሱን እትዬ ፀዳለን ይጠይቁ። ለእኔ "ልጅ ነሽ" እያለ አይነግረኝም።»

*

ባህሩዲን ከግቢው ውጭ ከጭነት መኪናው ሥር ተኝቶ ጭቃ ያራግፋል። ከወርቃ ገጠር የጫነውን ቡና አውርዶ መምጣቱ ነው።

«ዓርብ ዕለት "ያንን ጸጉር ከነራሱ አነደዋለሁ" ብለሃል፤ መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል» አለው ወልዱ።

«ብያለሁ።» ባህሩዲን ከመኪናው ሥር ወጣ። «ወላሂ ብያለሁ። ልጄ የባዳ ወንድ ራስ ታቅፋ ስትውል ምን ልበል? ኪሮሹን የገዛሁላት ዳንቴል እንድትሠራበት ነበር።»

«ትናንት ስንት ሰዓት ገባህ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት።»

«የዚህን መኪና ድምፅ ይርጋጨፌ ድረስ ይሰማሉ። ትናንት ግን የሰማ የለም።»

ባህሩዲን አንገቱን አከከ። «ድልድዩ ጋ ጭቃ ያዘኝ። ትቼው በእግሬ መጣሁ። ዛሬ ጠዋት ነው ያወጣሁት። እንግዲህ ማንም አላየኝም፤ ካልክ እሰረኝ። እሷን ልቀቅና እኔን እሰር።»

«ሁሉም እሰረኝ ካለ እኔ መች አርፋለሁ?» አለና ወልዱ እግሩን እየጎተተ ወደ ግቢው ገባ።

*

የመሠረተ ትምህርት አስተማሪው ደበበ ከሁለት ወር በፊት ከገደብ ተዛውሮ ግቢው ውስጥ ክፍል የተሰጠው ሰው ነው። ቀጭን፣ ሥርዓት ያለው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። ወልዱ ሳይጠይቀው ወንበር አቀረበለት፤ ውሃም አመጣለት። ትንሽ ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ የሰልፍ ዜማ ያሰማል።

«ልጅቷ ላይ አትጨክኑ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ረስታ ነው። ክፋት የላትም።»

«ትናንት ገሪማን አይተኸዋል?»

«ከቀበሌ ስብሰባ ስመለስ። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል። እሱ መቼም እሑድ እሑድ ራሴን ያመኛል እያለ ስብሰባ አይመጣም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እንደ ልማዱ ቅቤውን ያቀልጣል። "ኧረ መስኮት ክፈት ወንድሜ" አልኩት። እጁን አወዛወዘልኝ።»

«ጸጉሩ እርጥብ ነበር?»

«ደረቅ። ገና ቅቤውን አልቀባውም ነበር።»

«ከሰሉን ያቀጣጠለው ሱራያ ናት ወይስ ራሱ?»

«እሷ ትታለት የሄደችው ይመስለኛል።»

ወልዱ ውሃውን ጠጣ። «ሬዲዮህ ድምፁ ይጠራል።»

«አሮጌ ነው» አለ ደበበ፣ የሬዲዮውን ድምፅ እየቀነሰ።

*

ፀዳለ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ገሪማ ዲላ ከገባ ጀምሮ ምሳውን የምታበላው እሷ ናት።

«ስለቱ ምን ነበር?» አላት ወልዱ፣ ከጎኗ ደረጃው ላይ እየተቀመጠ።

«ታናሽ ወንድሙን ዘርዓይን አሰላ መንገድ ላይ ገደሉበት። በስድሳ ዘጠኝ። ኪሱን አራግፈው፣ ሬዲዮውን ወስደው ጥለውት ሄዱ። ሬዲዮውን የሠራለት ገሪማ ነበር። "ገዳዩ እስኪገኝ መቀስ አይነካኝም" ብሎ ማለ። ጸጉሩ እንዲህ የሆነው ለቁንጅና መሰለህ?»

«የሠራው ሬዲዮ እንደሆነ በምን ያውቃል?»

«ከውስጥ፣ ክዳኑ ላይ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም "ገ" ብሎ ዓመቱን ይጽፍበታል። ዲላ ከመጣ ወዲህ የእኔን ቀለም ነበር የሚጨርሰው፤ ለጥፍሬ የደረሰኝ የለም።» ሣቀችና ሣቋ መሐል ላይ አለቀሰች።

«ፀዳለ፣ ቅቤ በየስንት ጊዜው ነበር የሚቀባው?»

ፀዳለ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «ቅቤ?»

«ቅቤ።»

«አንዴ። አንዴ ብቻ፣ እሱም እኔ ቀባሁትና ልንገዳደል ደረስን! ሦስት ዓመት ይሆነዋል፤ ወባ ይዞት ተኝቶ ሳለ ራሱ ደረቀ ብዬ አዝኜ ለጋ ቅቤ አፈሰስኩበት። ለኛ ጸጉር ከቅቤ ሌላ ምን እናውቃለን? ሲነቃ ግምዱ ሁሉ ላልቶ እየተፈታ፤ በማግሥቱ ይሸታል፤ በሦስተኛው ቀን አይጥ ትራሱ ላይ። ሱራያ እያለቀሰች ሦስት ቀን ስታጥበው የግቢው ቧንቧ ውሃ አለቀ። ባህሩዲን ለውዱእ ውሃ አጣሁ ብሎ ግቢውን አናወጠው። ከዚያ ወዲህ ቅቤ የያዘ ሰው በበሩ ሲያልፍ እንኳ በሩን ይዘጋ ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት ቅቤውን ስታዪ ለምን አልተናገርሽም?»

ፀዳለ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «ማን ጠየቀኝ? ሁሉም ከሰል፣ ከሰል ሲል እኔም ከሰል አልኩ።»

*

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ግቢው መሐል ቆሙ። በራሶ ሱራያን አምጥቶ ከፀዳለ አጠገብ አቆማት። ባህሩዲን ልጁን አየና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ደበበ እጆቹን ከኋላው አጣምሯል። አዛዡ ሰዓቱን እያየ በር ላይ ቆሟል። ወልዱ ብቻ ተቀምጧል።

«ቆሜ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ጉልበቴ አልፈቀደም። እንግዲህ ስሙኝ። ገሪማን የገደለው ከሰል ብቻ አይደለም። ማጅራቱ ላይ በገዛ መዶሻው ተመትቷል። ቁስሉን ጸጉሩ ሸፍኖታል።»

ፀዳለ ጮኸች። ወልዱ እስክትጨርስ ጠበቀ።

«የመታው ሰው ደሙን አየ። ደም ያለበት ጸጉር የከሰል አደጋ አይመስልም፤ ስለዚህ አጠበው። መዶሻውንም አጠበ። ላዩን ሲያየው ንጹሕ ነው። የግምዱ ሆድ ግን ደም ያለበትን ውሃ ጠጥቶ አስቀመጠልኝ። ዛሬ ጠዋት ጨምቄ አወጣሁት። ሱራያ፣ ቅዳሜ የታጠበ ጸጉር ሰኞ ውሃ ይወጣዋል?»

«አይወጣውም። እሑድ እኮ ደርቆ ነበር።»

«ስለዚህ የታጠበው አንቺ ከወጣሽ በኋላ ነው። ገዳዩ አሁን አንድ ችግር አለበት። የራሰ ጸጉርና የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ከሰል ምን አገናኛቸው? ዲላ ብርድ የላትም፤ ማንም ለሙቀት ከሰል አያነድም። ምክንያት ያስፈልጋል። ቅቤ አመጣ። ቅቤ ጸጉሩ ለምን እንደሚያብረቀርቅ ይናገርለታል፣ ከሰሉ ለምን እንደነደደ ይናገርለታል። ጸጉር ይሠራል ከተባለ ቅቤ ይቀልጣል፤ እናቱ ቤት ያየው ይህንኑ ነው። አልፈርድበትም፣ እኔም ጸጉር ሳለኝ እናቴ የምታደርገው እሱኑ ነበር።»

በራሶ ወደ ወልዱ ባርኔጣ አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

«ነገር ግን የገሪማ ጸጉር ቅቤ አይነካም። ይህን ሱራያ ታውቃለች። ፀዳለ ታውቃለች፣ ጥፋተኛዋ ራሷ ናት። ባህሩዲንስ?»

«ሦስት ቀን ውሃ ያጣሁበትን እንዴት እረሳለሁ!» አለ ባህሩዲን።

«ባህሩዲን ትናንት የት እንደነበረ ያየው የለም፤ ዛቻውን ግን ሁሉም ሰምቷል። እሱ ቢሆን ኖሮ ለማታለል ሌላ ነገር ያመጣ ነበር እንጂ ቅቤ አያመጣም። ስለዚህ ገዳዩ ያቺ ቅቤ በፈሰሰች ጊዜ እዚህ ያልነበረ ሰው ነው።» ወልዱ ወደ ደበበ ዞረ። «አንተ ሁለት ወርህ ነው፣ መምህር።»

«ሁለት ወር መኖር ወንጀል ነው?» አለ ደበበ፣ በትሕትና።

«አይደለም። ከተማው ሁሉ ቅቤ ነው ብሎ ተሳስቷል፤ መሳሳትም ወንጀል አይደለም። አንተ ግን አልተሳሳትክም፣ አየሁ አልክ። "እንደ ልማዱ ቅቤውን ሲያቀልጥ አየሁት።" ገሪማ በሕይወቱ ያልነበረውን ልማድ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ሁሉም ወደ ደበበ ዞሩ።

«የመምህሩን ሬዲዮ ከክፍሉ አምጣው፣ በራሶ።»

በራሶ ሬዲዮውን አምጥቶ ወልዱ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። ወልዱ መጀመሪያ ከኪሱ ክር አወጣ። በገሪማ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ የለካበት ክር ነው። ሬዲዮው ላይ ዘረጋው፤ ልክ ሆነ። ከዚያ በገዛ ቢላዋው የኋላ ክዳኑን ፈታ። ክዳኑን ወደ ብርሃን አዘነበለ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ይነበባል ግን። ገ። ስድሳ ዘጠኝ።

«የዘርዓይ ነው» አለች ፀዳለ።

«ከገበያ ነው የገዛሁት» አለ ደበበ።

«ሊሆን ይችላል። ከገበያ የገዛ ሰው ግን ሬዲዮ ሠሪው ሞቶ ሳለ እንዲሠራለት የሰጠውን ሬዲዮ ከጠረጴዛው አንሥቶ ወስዶ "አሮጌ ነው" ብሎ ድምፁን አይቀንስብኝም። ለምንስ አልጣልከውም?»

ደበበ የአንገቱን ቁልፍ ፈታ።

«ሬዲዮ የሚጥል ሰው የት አለ?» አለ። «ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ጠፋ ብል ወዴት ሄደ ይሉኛል።» ትንፋሹን ለቀቀ። «የሬዲዮው ባለቤት ወንድሙ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ክዳኑን ሲከፍት ፊቱን አየሁት። ምንም አላለኝም። እሑድ ልወስደው ስሄድ፣ "ተቀመጥ፣ የት እንዳገኘኸው ንገረኝ፤ ነገ ፖሊስ ጋ አብረን እንሄዳለን" አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ስሮጥ ነበርኩ፣ ሃምሳ አለቃ። በየከተማው ስም አበጅቼ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሬዲዮውን ሊያነሣ ዞረ።»

«ከዚያ ልጅቷን "አትጨክኑባት" አልከኝ።»

ደበበ ወደ ሱራያ ሊያይ ሞከረና አልቻለም።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአዋሳው መኪና መጣ፤ ደበበን ይዞ ሄደ። አዛዡ ወረቀቱን ለወልዱ አቀበለው። የሱራያ ስም ያለበት ነበር። ወልዱ ቀደደውና ሌላ ወረቀት ጠየቀ። አዛዡ አጉረመረመ፣ ሰጠው።

ሱራያ በባዶ እግሯ ወደ አባቷ ሄደች። ነጠላ ጫማዋ መጋዘን ውስጥ ቀርቷል። አልተቃቀፉም።

«ቤት ግቢ። እናትሽ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አላት ባህሩዲን።

«እናቴን አይቼ ቀብር እሄዳለሁ፣ አባዬ።»

«የክርስቲያን ቀብር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ጠዋት ገዳይ ብለውኛል። ከዚያ በላይ ምን ይሉኛል?»

ባህሩዲን ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ጭቃው የባሰውን ተለቀለቀ። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዶ የኋላውን በር በጩኸት ጣለውና ወጥቶ የቡናውን ገለባ በመጥረጊያ ይጠርግ ጀመር። ጥጋ ጥጉን ሳይቀር ጠረገ። ሸራውን አራግፎ አነጠፈ።

«ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «በትከሻ አይወጡትም። እኔ አደርሰዋለሁ። አንቺ ጫማሽን አድርገሽ ከፊት ግቢ።»

ሱራያ ስትሮጥ ሄደች። ወልዱ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ ማንም ሳይጋብዘው፣ የፊተኛውን በር ከፍቶ እያቃሰተ ወጣ።

«አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?» አለው ባህሩዲን።

«እኔንም ዳገቱ አይሆነኝም» አለና ዓይኑን ጨፈነ።